በሰው ቁና
የሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ሲያወጣ፣ ዓላማው የቻይናዎቹ ከታላላቆቹ ምን ያህል እንደሚርቁ ማወቅ ነበር። ለመሆኑ ለአንድ አገር ጥያቄ የተሰፋ ቁና እንዴት የዓለም ዳኛ ሆነ? ከመቶው 30 ነጥብ ለኖቤልና ለፊልድስ ተሸላሚዎች ይሰጣል፤ መምህሩ ክፍል ገብቶ ላስተማረው ግን አንዲትም ነጥብ የለችም! በዚህ ቁና በጀት የሚደለድል ሹም የሚቆጠረውን ያጠግባል፤ የማይቆጠረውን ያስርባል።

ጎንደርን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሰደደ። በሻንጋይ ቁና ይህ ሥራ ነጥብ የለውም። በገጠሬው ቁና ግን ሞልቶ ይፈስሳል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን አይመዘኑ አላልንም፤ ይመዘኑ እንጂ! መጀመሪያ ግን «ለማን ነው የቆማችሁት?» ተብለው ይጠየቁ።