የማናውቀውን ዓሣ ከቤታችን አናስገባ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁት በቤት ውስጥ ዓሣ ማሳደግን ለመንቀፍ አለመሆኑን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። በቤታችን ያለው አኳሪዩም ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ብዙ ትምህርት ሰጥቶኛል። ነገር ግን ከትምህርቱ አንዱ በጸጸት የተገኘ ስለ ሆነ ለጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ጣት የሚያህል ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ ገዝቶ መጣ። ሻጩም «ከሁሉ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ከዚህም ብዙ አያድግም» ብሎት ነበር። እኛም አምነን ከትንንሾቹ ዓሦች ጋር ጨመርነው። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ትንንሾቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እኔም ድመታችንን ጠርጥሬ ያለ ጥፋቷ ከቤት አስወጣኋት። ኋላ ግን አንድ ማታ የመጨረሻዋ ዓሣ እስከ ወገቧ ድረስ በእንግዳው አፍ ገብታ በዓይኔ አየሁ።

መርምሬ እንደ ደረስሁበት ይህ ዓሣ ኦስካር ይባላል፤ አገሩም ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ ነው። ሲያድግ 30 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ለአንዱ ብቻ 300 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። የእኛ መስተዋት የሚይዘው ግን 60 ሊትር ነበር። የአዋቂው ምልክት በጅራቱ ሥር ያለው፣ ብርቱካንማ ቀለበት የከበበው ጥቁር ነጥብ ነው። ዓይን ስለሚመስል ጠላቱን ያሳስታል ተብሎ ይታሰባል።

ፒራንያና ፓኩም በልጅነታቸው ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳትባቸዋል። የሚለዩት በጥርሳቸው ነው። የፒራንያ ጥርስ ባለ ሦስት ማዕዘንና እንደ ምላጭ የተሳለ ሲሆን፣ የፓኩ ግን ፍሬ የሚፈጭበት ስለ ሆነ የሰው መንጋጋ ይመስላል። የሚያስገርመው ግን ስሙ የሚያስፈራው ቀይ ሆድ ፒራንያ 30 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ታምባኪ የሚባለው ፍሬ በሊታ የፓኩ ዘመድ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጠባዩን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም መጠየቅ ይገባል።

ወንድሜ ነገሩ በከበደው ጊዜ «ቢሾፍቱ ወስደን ሐይቅ ውስጥ እንልቀቀው፤ እሱም ነጻ ይውጣ» አለ። እኔም ተቃወምሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ገደማ ቱኩናሬ የሚባለው የአማዞን አዳኝ ዓሣ በፓናማ ወደ ጋቱን ሐይቅ ገብቶ ነበር። ቶማስ ዛሬትና ሮበርት ፔይን የተባሉ ሊቃውንት በ1973 እንደ ጻፉት፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሐይቁን ነባር ዓሦች አብዛኛውን ጨረሰ። «አንድ ዓሣ ብቻውን አይራባም» የሚል ቢኖር እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም እንደዚሁ እያሰበ አንድ አንድ ቢለቅ አንዱ ሁለት ይሆናል። ደግሞም ብርዱን ሳይችል ቢሞት ገደልነው እንጂ ነጻ አላወጣነውም።

በመጨረሻ ወንድሜ ለብስክሌት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለትልቅ መስተዋት አወጣ። ኦስካር 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ሳይጠብቀኝ አይቀርም። ድመቲቱም በክብር ተመልሳለች።

እንግዲህ እኔ በበኩሌ የምለው ይህ ነው፤ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት ስሙን፣ የሚደርስበትን ቁመትና የሚበላውን እንወቅ። እነዚህን ሦስቱን መመለስ ከማይችል ሻጭም አንግዛ። አለዚያ ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንብናል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው መናገር የማይችለው ፍጡር ነው።