የውሻ ጥገኛ ትልና የደጋው የዕርድ ልማድ

ደብረ ታቦር፦ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ይገኛል። በተራራው ዙሪያ ባሉት የፋርጣና የጋይንት ደጋዎች ገብስና ድንች ይመረታል፤ በአካባቢው ስም የሚጠራው የፋርጣ በግ ይረባል፤ መንጋውንና ግቢውን ደግሞ ውሻ ይጠብቃል።

ይህ አኗኗር በውሻ ቀጭን አንጀት ውስጥ ለሚኖር አንድ ጥገኛ ትልም የተመቸ ነው። ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የሚባለው ይህ ትል ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ውሻውን እምብዛም ስለማይጎዳው ባለቤቱ ሕመም አያይበትም። ዕንቁላሎቹ ግን ከውሻው እዳሪ ጋር ወጥተው በግጦሽ መሬት፣ በውኃ ምንጭና በጓሮ አትክልት ላይ ይበተናሉ። ደረቅ ሙቀት ቶሎ የሚያጠፋቸው ሲሆን፣ እንደ ጉና ዙሪያ ባለ ቀዝቃዛና እርጥብ አካባቢ ግን ለወራት ሳይሞቱ ሊቆዩ ይችላሉ።

ዕንቁላሉን በግ ሲግጥ ወይም ሰው ሳያውቅ ሲውጠው፣ ከውስጡ የሚወጣው እጭ በደም አማካኝነት በአብዛኛው ወደ ጉበት፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል። በዚያም ውኃ ያዘለ ከረጢት ሆኖ ቀስ በቀስ ያድጋል። በሰው ላይ ሕመሙ እስኪሰማ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በልጅነቱ ከመንጋ ጠባቂ ውሻ ጋር ሲጫወት የተያዘ እረኛ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ጎልማሳ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ ከፈነዳ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። ሕክምናውም ቀዶ ጥገና፣ በመርፌ መምጠጥ ወይም ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል በመሆኑ ለገጠር ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው።

በጉዳዩ ላይ በስፋት የሚታየው የተሳሳተ ግንዛቤ ሰው በሽታውን ከሥጋ ያገኘዋል የሚለው ነው። በጥሬ የበሬ ሥጋ የሚተላለፈውና አባቶች በኮሶ ሲያሽሩት የኖሩት ትል ሌላ ነው። ውኃ የቋጠረውን የበግ ጉበት ሰው ቢበላው እንኳ በዚህ በሽታ አይያዝም። የሚያዘው ውሻው ነው፤ ሰው ደግሞ ከውሻው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። በበዓል ቀን በግ የሚያርድ አባወራ ወይም ቅርጫ የሚካፈሉ ጎረቤቶች ጉበቱ ወይም ሳንባው ነጭ ከረጢት ይዞ ሲያገኙት ለልጆቻቸው አይሰጡትም። «ለሰው አይሆንም» ብለው ለውሻ ይወረውሩታል። ለቤተሰብ ጤና ታስቦ የሚደረገው ጥንቃቄ በዚህ አኳኋን የትሉን የሕይወት ዑደት ያሟላለታል። አንድ ከረጢት በሺህ የሚቆጠሩ የትል ራሶችን ሊይዝ የሚችል ሲሆን፣ ውሻውም ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ዕንቁላል መጣል ይጀምራል።

በውሾች አንጀት ውስጥ የሚገኘው ይህ ትል ብቻ አይደለም። ቶክሶካራ የተባለው ወስፋት ከእናቲቱ ወደ ቡችሎቿ ገና በማሕፀን ሳሉ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በአፈር ለሚጫወቱ ሕፃናት ዓይን ሳይቀር ያሰጋል። የውሻ መንጠቆ ትል እጭም በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ትኩረት ይሻሉ። የደጋው በግ አርቢ በጤናውም በሀብቱም ዋጋ የሚከፍልበት ግን በዋናነት የጉበቱ ከረጢት ነው።

በሽታው በመንግሥት ዘንድ ያልታወቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጤናና የእንስሳት ዘርፍ ባለሙያዎች በጋራ ባካሄዱት ልየታ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋ፣ ከብሩሴሎሲስና ከሌፕቶስፓይሮሲስ ጋር ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው ተላላፊ በሽታዎች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። በወረዳ ደረጃ ሲታይ ግን ሥራው በሦስት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ይወድቃል። በጉ የግብርና፣ ታማሚው የጤና፣ ባለቤት አልባው ውሻና ቄራው ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ተደርገው ይታያሉ። ለትምህርት ቤት ልጆች የሚሰጠው የትል መድኃኒትም ለአንጀት ትሎች የታሰበ ስለሆነ በጉበት ውስጥ ያለውን ከረጢት አያጠፋም።

ውሻ የመንግሥትን ትኩረት የሚያገኘው ባመዛኙ በእብደት በሽታ ምክንያት ነው። ከተሞች በየጊዜው የሚወስዱት በመርዝ የማስወገድ እርምጃም የትሉን ችግር አይፈታም፤ የዕርድ ተረፈ ምርቱ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ በሞቱት ምትክ ሌሎች ውሾች ይመጣሉ።

በሌላው ዓለም የተገኘው ልምድ ቀላል እርምጃዎች ውጤት እንደሚያመጡ ያሳያል። አይስላንድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበሽታው ክፉኛ የተጠቃች የበግ አርቢዎች ሀገር ነበረች። ዛሬ ያለው መድኃኒት ሳይኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለገበሬው በተሰራጨ አነስተኛ መጽሐፍና ከዚያ በኋላ በወጡ ሕጎች ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ አድርጋ በሽታውን አጥፍታዋለች። አይስላንድ ደሴት መሆኗ ሥራውን እንዳቀለለላት አይካድም። የተበላሸውን ጉበት መቅበር ግን ደሴት መሆንን አይጠይቅም።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ወረዳዎች ሊጀመር የሚችለው ሥራም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ለቄራና ለቅርጫ ዕርድ ውሻ ቆፍሮ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ማዘጋጀት፣ ማገዶ ባለበትም ጉበቱን ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀቀል ወይም ማቃጠል ይቻላል። ይህን ለማስተማር ከበዓል በፊት ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ሲሆኑ፣ መልእክቱ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በግብርና ባለሙያዎች አንደበት አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል።

ለውሻው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ፍቱን ነው። በጣና ዳርቻ ባሉ ወረዳዎች የሚታወቀው የቢልሃርዝያ በሽታ በሰው ላይ የሚታከመውም በዚሁ መድኃኒት ስለሆነ ስሙ ለጤና ባለሙያው አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ውሻው ዳግም እንዳይያዝ አያደርግም፤ ዑደቱን ለመግታት በየስድስት ሳምንቱ መስጠት ይመከራል። በዓመት አንድ ጊዜ ከእብደት በሽታ ክትባት ጋር የሚሰጥ ክኒን ብቻውን በቂ አይሆንም ማለት ነው። ቢሆንም ውሾችን ለመመዝገብና ባለቤቶቻቸውን ለማግኘት ከክትባቱ ዘመቻ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ውጤቱ የሚለካው በታማሚዎች ቁጥር ሳይሆን በበጎች ጉበት ነው፤ በሰው ላይ የሚታየው ከረጢት ከዓመታት በፊት የተያዘ ስለሆነ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ በጎች ሲታረዱ ጉበታቸው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሰንሰለቱ ተበጥሷል ማለት ይቻላል። ለዚህም የሥጋ ምርመራ መዝገብ የበጉን ዕድሜና የመጣበትን ቀበሌ ጭምር መያዝ ይኖርበታል። አብዛኛው በግ የሚታረደው በግቢ ውስጥ በመሆኑ ደግሞ መዝገቡ ከቄራው አጥር ወጥቶ ወደ ቀበሌው መድረስ አለበት።