ከኋላ የተቀመጠውስ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ስለበዛ ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው በትልልቅ ሞተር ሳይክል ተጣልተውልኛል። የአሜሪካው ሆንዳ ጎልድዊንግ ይነዳል፣ የአዲስ አበባው ቢኤምደብሊው ጂኤስ። "የኔ ይፈጥናል"፣ "የኔ ይመቻል" ሲባባሉ ከርመው በመጨረሻ "ጋሼ ይፍረድ" ብለው እኔ ላይ ጣሉት። ጨዋታ መስሎኝ ስቄ አልፌው ነበር። ለካ ቁም ነገር አለው! መንገዱ ሰላም ሲሆን እስከ አርብ ገበያ አብረው ሊነዱ አስበዋል። ያ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ያዋጡት ገንዘብ አለ፤ በሱ አንድ ትልቅ ሞተር ገዝተው ገጠር ለሚዞሩት የጤና ባለሙያዎች ሊሰጡ ነው። "አንተ የመረጥከውን እንገዛለን" ተባልኩ። እንግዲህ የሰው ገንዘብ ከገባበት ዝም አይባልም።

መጀመሪያ ለሁለቱም የሚገባቸውን ልስጥ። ጎልድዊንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ገበያ ላይ ሲወጣ 1000 ሲሲ ገደማ ነበር። ዛሬ 1833 ሲሲ ደርሷል፣ ስድስት ሲሊንደር። በየከተማው የሚርመሰመሰው ቪትዝ መኪና እኮ 1000 ወይም 1300 ሲሲ ነው! የኋላ ማርሽ አለው። የፊት መስታወቱ በቁልፍ ከፍ ዝቅ ይላል። መቀመጫው ይሞቃል። ከኋላ የሚፈናጠጠው ሰው የጀርባ መደገፊያ ያለው እንደ ሶፋ ያለ ወንበር አለው። ይህን ልብ በሉ፣ እመለስበታለሁ።

ጂኤስ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሲሆን በዓመቱ ፓሪስ ዳካር ውድድርን አሸነፈ። ማን እየነዳው? ሁበርት ኦሪዮል። ፈረንሳዊ ነው፤ የተወለደው ግን እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ነው። በ1983ም ደግሞ በቢኤምደብሊው አሸንፏል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰው ሻንጣ ጭኖበት አህጉር የሚያቋርጥበትን የሞተር ዓይነት ስም ካስጠሩት ሰዎች አንዱ የሸገር ልጅ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር? (የአዲስ አበባው ተማሪዬ፣ ይህችን ነጥብ ላንተ ቆጥሬልሃለሁ።)

አስፋልት ላይ ፍርዱ ቀላል ነው። በሰፊ አውራ ጎዳና፣ ቀኑን ሙሉ ለመንዳት፣ በተለይ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ጎልድዊንግ ይመቻል። ፍጥነትን ተዉት፤ ሁለቱም ከ160 በላይ በቀላሉ ይበራሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለወሬ ካልሆነ ለመንገደኛ የሚጨምረው ነገር የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ከወረታ ተነስታችሁ ደብረ ታቦርን፣ ጋሳይን፣ ክምር ድንጋይን አልፋችሁ ንፋስ መውጫ ትገባላችሁ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የቀደዱት መንገድ ነው፤ ዛሬ አስፋልት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል። ግን ፊዚክስ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። የጉና ግርጌ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ናችሁ። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው፤ አየር ሲሳሳ ጉልበት ይሳሳል። 136 ፈረስ ጉልበት ያለው ጂኤስ 40 ያህሉን ለጉና አስረክቦ ነው የሚያልፈው። ለትልቁ ሞተር ግድ የለም፤ የተረፈው ይበቃዋል። አሥር ፈረስ ጉልበት ላላት ትንሽ ሞተር ግን ሦስቱ ሲቀነስ ተፈናጣጩ ዳገት ላይ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ያየ ያውቀዋል።

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ሲታጠፍ ነገሩ ይለወጣል። ኮረኮንች ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ነው። የጎልድዊንግ አሞርዛተር የሚጫወተው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጂኤስ ወደ 20 ይጠጋል። የጎልድዊንግ ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ የመጀመሪያው ጉርባ ድንጋይ ይቀበለዋል። ክብደቱ ደግሞ 380 ኪሎ ገደማ! ጭቃ ላይ ሲተኛ ማን ያነሳዋል? ዕድር ጠርቶ ካልሆነ። ጂኤሱም 250 ኪሎ ነው፤ እሱም ቢሆን ሦስት ጎረምሳ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ተዋናዮች፣ ዩዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማን፣ በዚሁ ዓይነት ሞተር አገራችንን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሲወርዱ ዕቃ የጫኑ መኪኖች አብረዋቸው ነበሩ። የእኛ የጤና ባለሙያ የሚከተለው መኪና የለውም።

ደግሞ አርብ ቀን ሞክሩት! ስሙ አርብ ገበያ ነው እኮ። አህያው፣ በጉ፣ እህል የተሸከመው፣ ሞቅ ብሎት የሚመለሰው፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው። በ30 ከነዳችሁ ጎበዝ ናችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ለብዙዎቻችሁ ነግሬያችሁ አላውቅም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እናቴን ጎኗን ሲወጋት አደረና ለሐኪም ማድረስ ነበረብኝ። መኪና የለም። ከአንድ ወዳጄ ያማሃ ዲቲ 125 ተዋስኩ። እናቴ እንደ አገሯ ሴት በጎን ተቀመጠች፣ ጋቢዋን ሰብስባ ጉያዋ ስር ወሸቀች፣ በአንድ እጇ ወገቤን ያዘች። ዝናብ እየመጣ ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፣ ፈርቻለሁ፣ ነዳሁ። ሞተሩ ጥሩ ነበር፤ ድንጋዩን እየዘለለ ይሄድ ነበር። እግሬን ረግጬ ቆም እያልኩ ስለምነዳ ለእኔ እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው የተሰማኝ። ስንደርስ ሰዓቴን አይቼ "እማዬ፣ ደረስን እኮ!" አልኳት። መውረድ አቃታት። ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳት። ቀና ብላ አየችኝና "አንተ ደርሰሃል ልጄ፣ እኔን ገና አላደረስከኝም" አለችኝ።

የኩላሊት ጠጠር ነበር። ጠጠር ያለበትን ሰው ኮረኮንች ላይ ማንጠር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስትድን በሞተር አልመለስም ብላ ሁለት ቀን ጠብቃ በአይሱዙ ጋቢና ተሳፍራ ገባች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ሞተር ላይ አልወጣችም።

ያኔ ያልገባኝ ይህ ነው። የሚነዳው ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያየዋል፤ ይዘጋጃል፤ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከኋላ ያለው አያይም። የተቀመጠውም የኋላው ጎማ ላይ ነው። የአውቶቡስ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። ስለዚህ "ይህ ሞተር ይመቻል" የሚለኝ ሰው ሁሌ የምጠይቀው "ከኋላ ተፈናጠህበታል ወይ?" ብዬ ነው። እስካሁን "አዎ" ያለኝ የለም። ሞተር ሲገዛ የሚሞክረው የሚነዳው ነው፤ የሚፈርመው ደግሞ ቢሮ የተቀመጠው ነው። ከኋላ የምትቀመጠው ምጥ የያዛት ሴት ናት፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ፍጥነቱንም እናስላው። 30 ኪሎ ሜትር መንገድ በ40 ብትነዱት 45 ደቂቃ ነው። በ60 ብትነዱት 30 ደቂቃ። አሥራ አምስት ደቂቃ አተረፋችሁ። የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ብትወድቁ የምትከፍሉት በዚያ ልክ ነው። ለታመመ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን እሱን የማገኘው ከመንገዱ ሳይሆን ከመነሻው ነው። ሞተሩ ነዳጅ ኖሮት፣ ካንዴላው ጸድቶ፣ ጎማው ተነፍቶ በር ላይ ከቆመ ሰዓታት ይተርፋሉ።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው፤ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። ለራሳችሁ ጉዞ የወደዳችሁትን ንዱ (የአሜሪካው፣ ጎልድዊንግህን ግን እዚያው ተወው)። በተዋጣው ገንዘብ ትልቅ ሞተር እንዳትገዙ። በአንዱ ዋጋ ከ125 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው ብዙ ሞተሮች ይገዛሉ። ያማሃ ኤጂ የሚባለው ዓይነት ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቀላል ነው፣ ጅረት ላይ ሁለት ሰው ያሻግረዋል፣ የኤጂ 100 ካቴና በሽፋን የተዘጋ ነው። ይህ ሽፋን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጋቢና የነጠላ ጫፍ ካቴና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በተረፈው ለተፈናጣጩ ወፈር ያለ መቀመጫ ከነመደገፊያው እዚያው ብረት ቤት አሠሩ። ሄልሜት ሁለት ሁለት ግዙ፤ የምናየው ሁሌ አንድ ነው፣ እሱም የነጂው። ካላማዳሪ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ ካቴና አብሮ ይላክ። ማላዊ ውስጥ ማንጎቺ በሚባል ወረዳ ሞተሩ ጎን ላይ አልጋ ያለው ተሳቢ ገጥመው ምጥ የያዛቸውን እናቶች ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ያመላልሱበት ነበር፤ መዘግየቱን በጣም እንደቀነሰው በጥናት ታይቷል። የኛ ቁልቁለት ላይ ይሠራል ወይ? ከዋናው መንገድ ብዙ ባልራቀው ቀበሌ ይሠራል እላለሁ። ወደ በሽሎ በሚወርደው ገደል ግን አይሆንም፤ እዚያ አሁንም ቃሬዛ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ስትመጡ ሞተራችሁን ንፋስ መውጫ አቁሙት። አርብ ጠዋት ለአንዱ ሞተረኛ ከፍላችሁ፣ ተራ በተራ ከኋላ ተፈናጡና አርብ ገበያ ግቡ። ጋቢ ልበሱ፣ በጎን ተቀመጡ። እኔ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ከወረዳችሁ በኋላ፣ ወገባችሁ ሳይቀዘቅዝ፣ የምትገዙትን ዝርዝር አብረን እንጽፋለን።