ከመደርደሪያ ወደ ክላውድ፦ የሥራ ላይ አደጋ መዝገብ መለወጥ ለዜጎች ምን ትርጉም አለው?

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ መንገድ አየር ጤናን የሚያልፍ መንገደኛ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶችን፣ ጋራዦችንና በግንባታ ላይ ያሉ ሕንፃዎችን ያያል። በእነዚህ ስፍራዎች በርካታ ዜጎች የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ። የብየዳ ብልጭታ፣ የመጋዝ ስለትና የእንጨት መወጣጫ የዘወትር የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው።

ለአብነት ያህል፣ ከእነዚህ ሥራ ቤቶች በአንዱ የተቀጠረ ሠራተኛ እጁ በግራይንደር ተቆረጠ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሁሉም ጭንቀት ሕክምናው ነው። ከሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ የተጻፈው የት ነው? መዝገቡ በአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ወይም ጨርሶ ካልተጻፈ፣ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ለማስከበር ምስክር ፍለጋ መንከራተቱ አይቀርም።

የሙያ ደህንነትና ጤንነት መረጃን ከወረቀትና በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተጫነ ሶፍትዌር አውጥቶ ወደ ክላውድ የማሸጋገሩ ጉዳይ፣ ከዚህ ሠራተኛ ጥያቄ አንጻር ሊታይ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኞችን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። በአዋጁ መሠረት አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን ያቀርባል፤ ስለ አጠቃቀማቸውም ያሠለጥናል። በሥራ ላይ የደረሱ አደጋዎችንና በሥራ ምክንያት የመጡ በሽታዎችን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅም ግዴታው ነው። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀምና አደጋ ሊያደርስ የሚችል ጉድለት ሲመለከት ወዲያውኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ጉዳት ሲደርስ አሠሪው የሕክምና ወጪን ይሸፍናል። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ያገኛል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ባለመደረጉ ብቻ መብቱን አያጣም።

ችግሩ ያለው መብቱን በማስረጃ በማስደገፉ ላይ ነው። በሕግ የተለየ የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠ በስተቀር፣ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የጠፋ ወይም የዘገየ መዝገብ የቢሮ አሠራር ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ የአንድን ቤተሰብ መተዳደሪያ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ አሁን ለምን ተነሣ?

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ከሥራ ጋር በተያያዙ ምክንያቶች በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ 395 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ለሞት የማያደርስ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስቀምጧል። የ2025 የዓለም የሥራ ደህንነትና ጤንነት ቀን መሪ ጉዳይም ዲጂታል ቴክኖሎጂና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር።

በአገራችንም መሠረቱ እየተጣለ ይገኛል። የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባና የውጭ አገር የሥራ ስምሪት በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት በኩል መከናወን ጀምሯል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ዕውቅና ሰጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም የመረጃ ማዕከላት ተገንብተዋል። የሥራ ላይ አደጋ መዝገብ በዚሁ ጎዳና ላይ ተከታዩ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ክላውድ ምን ይለውጣል?

ክላውድ ማለት መረጃው በአንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ከመቀመጥ ይልቅ በመረጃ ማዕከል ተቀምጦ፣ የተፈቀደለት ሰው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት የሚያገኘው አሠራር ነው። ጥቅሙ በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ አደጋው የተመዘገበበት ቀንና ሰዓት ይታወቃል። በኋላ የተደረገ ማስተካከያ ቢኖርም ማን እንዳደረገው ዱካው ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቢሮ ቢዛወር፣ ኮምፒውተር ቢበላሽ ወይም ባለሙያ ቢለወጥ፣ ቅጂው በአግባቡ እስከተያዘ ድረስ መዝገቡ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ተመሳሳይ አደጋ በአንድ አካባቢ ሲደጋገም ተቆጣጣሪው በጊዜ አይቶ ቀጣዩ ሰው ከመጎዳቱ በፊት እርምጃ መውሰድ ይችላል። ከሦስቱም የላቀ ዋጋ ያለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የመዝገብ ዋና ዓላማ አደጋን አስቀድሞ መከላከል ነውና።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ይሁን እንጂ ሶፍትዌር በራሱ ማንንም ከአደጋ አይጠብቅም። ቅድሚያ ትኩረት የሚሻው የመረጃ ምስጢራዊነት ነው። የጉዳትና የበሽታ መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። አንድ ሠራተኛ ከዚህ ቀደም መጎዳቱ በቀላሉ የሚታይ ከሆነ፣ ሌላ ቀጣሪ በዚሁ ምክንያት ሊያልፈው ይችላል። ስለሆነም ማን ምን ማየት እንደሚችል በግልጽ መለየት ይኖርበታል፤ ሠራተኛው የራሱን መዝገብ የማየትና ስሕተትን የማሳረም መብቱ ሊጠበቅለት፣ ሌላ ቀጣሪ ግን ስለ ግለሰቡ ጤንነት ማየት ሊከለከል ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተደራሽነት ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የሚቆም ሥርዓት፣ ጥቂት ሠራተኞችን ለያዘ የአየር ጤና ሥራ ቤት ፋይዳ የለውም። መረጃን በስልክ ይዞ ቆይቶ ግንኙነቱ ሲመለስ የሚልክ፣ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚሠራ፣ ማንበብና መጻፍ ለሚቸገሩም በቢሮ ባለሙያ በኩል የሚያገለግል ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው የውል ጉዳይ ነው። መረጃው የሕዝብ ሀብት እንደመሆኑ፣ አገልግሎት አቅራቢው ሲለወጥ ሙሉ መዝገቡ ሊነበብ በሚችል መልኩ እንዲመለስ፣ የመጠባበቂያ ቅጂውም የት እንደሚቀመጥ ከመነሻው በውል መታሰር አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን፣ በሥርዓቱ ላይ የሚታይ ዜሮ አደጋ ስለሌለ ብቻ የተገኘ ላይሆን ይችላል። ሪፖርት ያደረገ አሠሪ ከመመስገን ይልቅ የሚቀጣ ከመሰለው፣ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛም እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም ካለ፣ ዘመናዊው ሥርዓት ባዶውን ይቀራል። ተቆጣጣሪው በአካል ተገኝቶ መጎብኘቱ በምንም ሶፍትዌር አይተካም።

ተገልጋዮች ከወዲሁ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የመብቱ መሠረት ሕጉ በመሆኑ አዲስ ሥርዓት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ፦

• አደጋውን ሳይዘገይ ለአሠሪው ማሳወቅ፣ የተጻፈውንም ቅጂ መጠየቅ፤
• በሕክምና ተቋም ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ተናግሮ ማስረጃውን መያዝ፤
• አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የነበሩትንም ሰዎች ጽፎ ወይም አስጽፎ ማስቀመጥ፤
• አሠሪው ለመመዝገብ ፈቃደኛ ካልሆነ በአካባቢው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።

አሠሪዎችም በእጃቸው ያለውን መዝገብ ዛሬውኑ ማስተካከል ይጠቅማቸዋል። በወረቀት ላይ በትክክል ያልተጻፈ መረጃ ወደ ክላውድ ሲሸጋገር ስሕተቱም አብሮት ይሸጋገራልና።

በአየር ጤናው ሥራ ቤት እጁ ለተጎዳው ሠራተኛ መዝገቡ በየትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጠ ማወቅ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው መብቱን ሲጠይቅ ማስረጃው መገኘቱ፣ ከእርሱ በኋላ በዚያው ማሽን ላይ የሚቆመው ባልደረባውም በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። የሽግግሩ ስኬት ሊመዘን የሚገባውም በዚሁ ነው።