ማሰሪያው የላላ እንግሊዝኛ

በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማሪ እንግሊዝኛ ሲነሣ አንድ የተለመደ ሣቅ አለ። «ትናንት ይሄዳል፣ ነገ ሄደ» ተብሎ ይቀለድና ይታለፋል። እኛ ከዚህ ሣቅ ጋር አንስማማም። በጽሑፍ ውስጥ የግስ ጊዜ መዘበራረቅ ከባድ ጉድለት ነው፤ ይህን አንክድም። የድንቁርና ምልክት ነው የሚለውን ፍርድ ግን አንቀበልም። ጉድለቱ ምንጭ አለው፤ ምንጩም አማርኛችን ነው። ይህን ሳያውቁ ለማረም መነሣት ጉም መጨበጥ ነው እንላለን።

እስቲ አንድ ተራ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፤ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ።» አራት ግሶች አሉ፤ ጊዜውን የሚነግረን ግን የመጨረሻው ብቻ ነው። «ሄደ» የሚለውን «ይሄዳል» ብናደርገው፣ ከፊት ያሉት ሦስቱ ሳይነኩ ነገሩ ሁሉ ወደ ነገ ይዞራል። የሰዋስው ሊቃውንቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እነ «ተነሥቶ»ን ቦዝ አንቀጽ፣ «ሄደ»ን ማሰሪያ አንቀጽ ይሏቸዋል። ቦዙ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም፤ ማሰሪያውን ይጠብቃል። ከአባይ ማዶ በዋሸራና በጎንጅ፣ በኛው ወሎ ደግሞ በዋድላ ስማቸው የገነነው ቅኔ ቤቶች ከቅኔው ጋር ግስ ያስወርዳሉ።

እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። በተርታ የተሰለፉት ግሶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጊዜ ይሸከማሉ። ተማሪው «ሂ ጌት አፕ፣ ዋሽ፣ ኢት ኤንድ ዌንት» ብሎ ሲጽፍ፣ የመጨረሻው ግስ ሌሎቹን ያስርልኛል ብሎ ነው። ሕግ አልጣሰም፤ የአማርኛውን ሕግ በሰው አገር አከበረ እንጂ!

ሌላም አለ። የኛ «ይሄዳል» ለዘወትርም ለነገም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛው «ጎውዝ» እና «ዊል ጎ» ብሎ ይለያል። እኛ «እመጣለሁ አለ» ብለን የሰውየውን ቃል እንዳለ እናስቀምጣለን፤ እንግሊዝኛው «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም» ብሎ የተነገረውንም ወደ ኋላ ይጎትታል። ገና ከወንበራችን ሳንነሣ «በሉ ሄድኩ» ብለን የምንሰናበት ሰዎች፣ ይህ ልዩነት ሳይነገረን በሰንጠረዥ ብቻ ይገባናል ማለት ዘበት ነው።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ሰንጠረዥ ይለጠፋል። ሲምፕል ፓስት፣ ፓስት ፐርፌክት፣ ፕሬዘንት ኮንቲኒዩየስ እየተባለ ስም ይሸመደዳል። አማርኛ መጥቀስ እንደ ነውር ይቆጠራል። ተማሪው ስሙን ያውቃል፤ ጊዜውን አያውቅም።

«ሐሳቡ ከገባ ጊዜው ምን ቸገረ?» የሚሉም አሉ። እነዚህ ወገኖች የመመረቂያ ጽሑፍ ገልጠው ይዩ። ጥናቱ ሳይጀመር በቀረበው ዕቅድ ላይ «ዳታ ዊል ቢ ኮሌክትድ» ተብሎ ነበር፤ ትክክል ነው፣ ገና ነውና። ጥናቱ አልቆ፣ ተጠርዞ፣ ለፈተና ሲቀርብም ያው «ዊል ቢ ኮሌክትድ» ተቀምጦ ይገኛል። አንባቢው ምን ይበል? መረጃው ተሰብስቧል ወይስ ገና ሊሰበሰብ ነው? እዚህ ላይ የግስ ጊዜ ጌጥ አይደለም፤ ሥራው ተሠርቷል አልተሠራም የሚል ምስክር ነው። እንዲሁም ስለ ቦረና ሳይንት ጭላዳ የሚጽፍ ሰው «ጭላዳ ሣር ይበላል» የሚለውን በዘወትር፣ «ይህን ያህል ቆጠርን» የሚለውን በኃላፊ ጊዜ ካልለየ፣ የታወቀውን እውነት ከራሱ ምልከታ ጋር ደባልቆብናል።

ነገሩ የጥቂቶች አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻው፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲማር ደንግጓል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ጥፋት የግስ ጊዜ ነው የሚል የለም፤ እኛም አንልም። ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ በሚጠየቅበት አገር፣ «ሆነ»ን ከ«ይሆናል» አለመለየት ቀልድ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መምህሩ ግሱን ሲያስተምር አማርኛውን ጎን ለጎን ያቁም፤ ቦዙንና ማሰሪያውን ያሳይ። ስሕተቱን በቀይ አስምሮ ከመመለስ፣ ዳር ላይ «ይህ መቼ ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪውም ጽሑፉን ጨርሶ አንዴ ለግሶቹ ብቻ ያንብበው፤ እያንዳንዱን ግስ ጊዜውን ይጠይቀው። በሥነ ጽሑፍ ያለፈውን አሁን እንደሚሆን አድርጎ መተረክ ይቻላል፤ ግን ጸሐፊው ወስኖ ሲሆን ነው፤ ብዕሩ ሲያዳልጠው አይደለም።

አማርኛውን ደብቆ የሚሰጥ እንግሊዝኛ ማሰሪያው እንደላላ ነዶ ነው፤ ገና አውድማ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበተናል።