ሳይገባ ያሸነፈው

«ሥልጣን በማን እጅ ነው?» ለሚል ጠያቂ አሜሪካኖች ሁለት መልስ አላቸው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። ሲ. ራይት ሚልስ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አገሩን የሚመሩት ኩባንያውን፣ ጦሩንና መንግሥቱን የያዙ ጥቂት ሰዎች ናቸው አለ። ሮበርት ዳል በ1961 «የለም» ሲል መለሰ፤ በኒው ሄቨን ስለ ከተማ እድሳት፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ፓርቲ እጩዎች የተሰጡትን ውሳኔዎች መርምሮ፣ በአንዱ ጉዳይ የሚያሸንፈው በአብዛኛው በሌላው እንደማይገኝ ጻፈ።

የዳል ተከታዮች «ሚልስ ገመተ፣ እኛ ቆጠርን» እያሉ ይኮራሉ። መቁጠራቸውስ እውነት ነው። ግን የቆጠሩት ስብሰባ የተጠራበትን፣ ክርክር የተነሣበትን ጉዳይ ብቻ ነው። አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ገቢውን መቁጠር ደግ፤ ለምን ሳይመጣ እንደቀረ ያልተጠየቀውስ?

ጌሪን እንመልከት። በኢንዲያና ግዛት ያለችውን ይህችን ከተማ በ1906 የቆረቆራት ዩ.ኤስ. ስቲል የተባለው የብረት ኩባንያ ነው፤ ስሟም ከኩባንያው ሊቀ መንበር ከኤልበርት ጌሪ የመጣ ነው። ጎረቤቷ ኢስት ቺካጎም የብረት ከተማ ናት፤ ጭሱም ያው ጭስ ነበር። ማቲው ክሬንሰን በ1971 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ኢስት ቺካጎ የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ደንብ በ1949 ስታወጣ ጌሪ እስከ 1962 ቆየች። በኢስት ቺካጎ ኩባንያዎቹ ብዙ ነበሩ፤ በጌሪ ገናናው አንድ ነበር። ያም አንድ ለረጅም ጊዜ ደንቡን አልደገፈም፣ አልተቃወመምም። መቃወም መች አስፈለገው! የከተማው ሰው እንጀራው የተንጠለጠለበትን ጭስ ማውጫ ቀና ብሎ እያየ ዝም አለ። የዳልን ሚዛን ይዞ ጌሪ የገባ ተመራማሪ ግን «ኩባንያው በጭሱ ጉዳይ እጁን አላስገባም» ብሎ መዝግቦ በሄደ ነበር።

«ያልተደረገ ነገር እንዴት ይጠናል?» ይሉናል። ከጎረቤት ከተማ ጋር በማስተያየት ነዋ!

ለሌላውም ወገን ጥብቅና አልቆምም። ፍሎይድ ሀንተር በ1953 ስለ አትላንታ ሲጽፍ ኃያላኑን የለየው በአመዛኙ «ኃያሉ ማን ነው?» እያለ ሰው በመጠየቅ ነበር። ይህ ወሬ መልቀም ነው እያልኩ እስቅበት ነበር። ጌሪ ግን ሳቄን ቀነሰችብኝ፤ ስም ብቻውን አፍ ካስያዘ፣ ስሙም ሥልጣን ነው።

በ1962 ደንቡ ሲጸድቅ በይዘቱ ላይ የኩባንያው ተጽዕኖ እንደነበረበት ያው ጥናት ይናገራል። ቆጣሪዎቹ ኩባንያውን በመዝገባቸው ሊያሰፍሩት የሚችሉት ያን ጊዜ ነው፤ ኢስት ቺካጎ ደንቧን ካወጣች ከ13 ዓመት በኋላ።