ከመሣሪያው በፊት መዝገቡ

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ፣ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም እንዳያቅተው ወጪውን እንዲቈጥር የሚያስተምረው ምሳሌ ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል በሉቃስ ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ሉቃስም በቅዱስ ጳውሎስ መልእክት እንደተመሰከረለት ባለ መድኃኒት ነበረ። ይህን ባስተዋልሁ ቍጥር፣ ጥበበ ፈውስን የያዘ ሰው ሒሳብን የነጋዴ ሥራ ነው ብሎ ሊንቀው እንደማይገባ ይታየኛል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም በተወለድሁበት በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ የግል ክሊኒክ ያላቸው ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ አልትራሳውንድ፣ ራጅና የተሟላ ላቦራቶሪ ለመጨመር ሲነሡ ስለሚሠሩት፣ ይልቁንም ሳይሠሩት ስለሚያልፉት ሒሳብ ለመናገር ነው።

ፍላጎቱ እውነተኛ መሆኑን የሚክድ የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሾውን፣ ማሽላውንና ሽንኩርቱን ለገበያ የሚያወጣባት፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጐድጓዳው ሲተኛ ደግሞ ወባ የሚበረታባት ከተማ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድሜ ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ደም በታያት ጊዜ፣ የእንግዴ ልጁ በየት በኩል እንደተቀመጠ የሚያሳይ መሣሪያ በዚያች ሌሊት ስላጣን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ከማይሞላው ቆላ ተነሥተን፣ በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥተን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አቋርጠን፣ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ደብረ ብርሃን አደረስናት። ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ድነዋል፤ ነገር ግን ወጪያችንን በተሳሰብን ጊዜ ለመኪና ኪራይ፣ ለአስታማሚዎች ምግብና ለአልጋ ከከፈልነው ሁሉ ያነሰው የምርመራው ዋጋ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ በ2016 እ.ኤ.አ. የሰጠውን ምክር ባነበብሁ ጊዜም ያች የጣርማ በር ሌሊት ትዝ አለችኝ።

ስለዚህ መካከለኛ ክሊኒክ ያለው አንድ የጤና መኮንን ወዳጄ አልትራሳውንድ ሊገዛ መቍረጡን ሲነግረኝ ደስታዬ ታላቅ ነበረ። ገንዘቡን በምን እንደሚመልሰው ብጠይቀው ግን፣ «ጋሼ፣ መሣሪያው ዋጋውን ራሱ ያወጣል» አለኝ፤ ይህች አነጋገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እስቲ ለአብነት ብቻ ቍጥር እናስቀምጥ። መሣሪያው በ1,200,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ያገለግላል ብንል፣ የወሩ ድርሻ 20,000 ብር ነው፤ ለአንድ ምርመራ 400 ብር ቢከፈል በወር 50 ሰው፣ የሥራው ቀን 25 ቢሆን በቀን 2 ሰው ይበቃዋል። ወዳጄ ቈጥሮ የቆመው እዚህ ላይ ነበረ። ነገር ግን ለብድሩ ወለድ 7,000፣ ምስሉን አይቶ ውጤቱን ለሚጽፈው ባለሙያ ደመወዝ 18,000፣ ለጥገናና ለመለዋወጫ ተቀማጭ 10,000፣ ለጄል፣ ለወረቀት፣ ለመብራትና መብራት በጠፋ ጊዜ ለጄኔሬተር ነዳጅ 5,000 ብር ሲደመርበት ወሩ 60,000 ብር ይጠይቃል፤ ይኸውም በወር 150፣ በቀን 6 ሰው ማለት ነው። ክሊኒኩ በቀን 30 ሕመምተኛ ቢያይ፣ ከእነዚህም መካከል ሙያው በሚያዝዘው መሠረት አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ከ10 ሰው አንዱ ቢሆን፣ በእውነት የሚመጡት 3 ናቸው።

የቀሩት 3 ከየት ይመጣሉ? ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ባንኩ ወሩ ሲሞላ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ባለሙያው ደመወዙን ይጠብቃል፤ መሣሪያውም በክፍሉ ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጦ ባለቤቱን ይመለከተዋል። ያን ጊዜ፣ ሐኪሙ ክፉ ሰው ሳይሆን፣ ሕሊናውንም የሸጠ ሳይሆን፣ ትናንት የሰገራ ምርመራ ብቻ ያዝዝላት ለነበረችው ሆዷን ለቈረጣት ባልቴት ዛሬ «ለማንኛውም በአልትራሳውንድ እንይሽ» ማለት ይጀምራል፤ ባልቴቲቱም የሽንኩርቷን ዋጋ ከመቀነቷ ፈትታ ትከፍላለች። ሉቃስ በወንጌሉ፣ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ሳትፈወስ ስለቀረችው ሴት ጽፏል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሒሳቡ አስቀድሞ ያልተሠራለት መሣሪያ ዕዳው ከባለቤቱ መዝገብ ወጥቶ ወደ በሽተኛው መቀነት ይገባል። እንግዲህ የወጪና የገቢ ዕቅድ ማለት ሐኪሙ «አንቺስ ምርመራ አያስፈልግሽም» የማለት ነጻነቱን የሚጠብቅበት አጥር ነው።

ከዚህም ጋር የመሣሪያውን እርጅና በተገዛበት ዋጋ ብቻ ማስላት እንደማይበቃ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን አስተምሮናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን የአልትራሳውንዱ ፕሮብ የተሰበረበት፣ የደም መመርመሪያ ሪኤጀንቱ ያለቀበት ሰው የቈጠበው ብር ግማሹን ኃይል አጥቶ አገኘው፤ የቀወት ገበሬ ኪስ ግን ከዶላሩ ጋር አልጨመረም። ስለሆነም የሚቀመጠው ገንዘብ አሮጌውን መሣሪያ የሚዘክር ሳይሆን አዲሱን ሊገዛ የሚችል መሆን አለበት።

ስለ ራጅ ብዙ አልናገርም። ስሙን ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን ያደረግነው ይህ ጥበብ፣ ጀርመናዊው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. አግኝቶት የፈጠራ መብት ሳያወጣበት ለዓለም የተወው ጸጋ ነው፤ ሆኖም ጨረራን የሚከለክል ግድግዳ፣ የተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የበረታ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚፈልግ፣ ለአንድ መካከለኛ ክሊኒክ ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው። መጀመሪያ ላቦራቶሪው ይሟላ፤ ወባንና የአንጀት ተውሳክን በትክክል የሚለይ ደኅና ማይክሮስኮፕና ታማኝ ዐይን በቆላችን ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ። በዚህ ሙቀት ሪኤጀንት ያለ ማቀዝቀዣ እንደማይውል፣ ማቀዝቀዣም ያለ መብራት እንደማይሠራ የሸዋ ሮቢት ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከከተማ የመጣ የዕቅድ ወረቀት አይነግረንም። ወባው የሚበረታው በመስከረምና በጥቅምት፣ ማሽላው ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ ነው፤ የገበሬው እጅ ብር የሚይዘው ግን ከኅዳርና ከታኅሣሥ አጨዳ በኋላ ነው። ደዌውና ገንዘቡ በአንድ ወር ስለማይመጡ፣ ክሊኒኩ በመከር መግቢያ ብዙ ሕመምተኛና ብዙ ዱቤ ይኖረዋል፣ የባንኩ ቀን ግን ዱቤ አያውቅም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ከወጣበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ መሣሪያን ተከራይቶ በመጨረሻ ባለቤት መሆን በሕግ የታወቀ መንገድ ስለሆነ፣ በክልላችንም እንደ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ያለ ድርጅት ስለሚገኝ፣ ተዋዋዩ ከመፈረሙ በፊት ክፍያው በአጨዳው ወራት ከብዶ በክረምቱ እንዲቀል አጥብቆ ሊከራከር ይገባዋል። ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ በእጁ ሳይዝ የሚፈርም ሰው በሌላው ሰው ሕመም ላይ ዕጣ ይጥላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ የሆነውን ያየ ደግሞ፣ የተለመደው የእሳትና የስርቆት ዋስትና የጦርነትን ጥፋት እንደማይሸፍን ውሉን አንብቦ ይረዳ።

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነውን ሕዝብ እንደ እርግጠኛ ከፋይ መቍጠርም ስሕተት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች፣ ከክልላችንም በደቡብ አቸፈር፣ በፎገራና በተሁለደሬ የተጀመረው ይህ መድን በአብዛኛው የሚዋዋለው ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ስለሆነ፣ አባሉ ምርመራውን በዚያ ሲያጣ ብቻ ወደ ግል ክሊኒክ መጥቶ ከኪሱ ይከፍላል፤ መዋጮውንም አስቀድሞ ከፍሏል። መድኑ በታወቀ ዋጋ፣ በጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ብቻ፣ ከግል ተቋማት የምርመራ አገልግሎት ቢገዛ፣ አባሉ ሁለት ጊዜ ከመክፈል፣ ክሊኒኩም በግምት ከማቀድ ይድኑ ነበር። የወረዳችን ሹማምንት ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና እለምናለሁ።

ወዳጄን ያን ቀን የመከርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳይገዛ ሳይሆን፣ ለሦስት ወር አንድ ደብተር እንዲይዝ። አልትራሳውንድ በእውነት የሚያስፈልገው ሕመምተኛ በመጣ ቍጥር ምክንያቱን፣ የላከበትን ስፍራና ሰውየው በእርግጥ መሄድ አለመሄዱን እንዲጽፍ ነገርሁት። ጻፈም። ሦስቱ ወር ሲፈጸም በቀን ሲካፈል 3 ሰው ያህል ወጣ። ሁለት ጎረቤት ክሊኒኮችም የእርሱን አይተው ደብተር ቢይዙ ለእያንዳንዳቸው 2፣ ለሦስቱ በአንድነት 7 ሆነ፤ በቀን 6 ሰው ለሚጠይቀው ወጪ የሚበቃ ቍጥር ይህ ነበረ። ስለዚህ መሣሪያውን ሦስቱ በጋራ ሊገዙ ወስነው፣ ትርፉ በላኩት ሕመምተኛ ብዛት ሳይሆን ባዋጡት ገንዘብ ልክ ብቻ እንዲከፈል፣ ላኪው ኮሚሽን እንዳይቀበል በጽሑፍ ተስማምተዋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባገኘኋቸው ጊዜ የቀራቸው ክርክር መሣሪያው በማን ግቢ ይቀመጥ የሚለው ነበር፤ ወዳጄም በእርሱ ግቢ ይሁን ብሎ ሲሟገት የያዘው ማስረጃ ያው ደብተር ነው።